በወንፈል የዞረው ኮምፖስት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ከሚወስደው አስፋልት ወርዶ፣ መኪና የሌለው ሰው አንድ ሰዓት ያህል ዳገት በእግር ወጥቶ በሚደርስበት ቀበሌ አምስት ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ገበሬውን ምን እንዳስተማርኩት ቢጠይቁኝ አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። እኔ ግን ብዙ ተምሬያለሁ። ኮምፖስት በአህያ ተጭኖ ከቤት ቤት እንደሚዞር፣ ለዚያውም በሥርዓትና በተራ እንደሚዞር፣ ኮሌጅ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ ከወረዳ በመጣ ደብዳቤ ነው። ማዳበሪያ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነበር፤ ገበሬው አውድማውን ሳይጠርግ ስለ ክረምቱ ዩሪያ መጨነቅ ይጀምራል። ደብዳቤው ታዲያ እንዲህ ይላል፦ ለመጪው ክረምት የማዳበሪያ ኩፖን የሚሰጠው በጓሮው የበሰለ ኮምፖስት ላለው ገበሬ ብቻ ነው። አንዴ አነበብኩት፣ ደገምኩት። ማዳበሪያ የሚሰጠው ማዳበሪያ ላለው ነው ማለት ነው። ግራ ሲገባኝ ወረዳ ያለው አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ።

"ይኼ ነገር አልተገለበጠም ወይ?" አልኩት።

"ከላይ የመጣ ነው" አለኝ።

የእሱ አለቃም ቢጠየቅ ያንኑ እንደሚል አውቃለሁ። ይህ 'ላይ' የሚባለው ቦታ የት እንደሚገኝ አምስት ዓመት ሙሉ ባጣራ አልደረስኩበትም።

ኮምፖስት ክፉ ነገር ነው እያልኩ አይደለም። መሬት ያለሰልሳል፣ እርጥበት ይይዛል፤ ስለ ጥቅሙ ብጠየቅ አሁንም ግማሽ ቀን ማውራት እችላለሁ። ግን እበቱ ማገዶ ነው፤ ኩበት ሆኖ ካልነደደ ወጥ አይሠራም። ጭዱ የበሬ ቀለብ ነው፤ በበጋ የተራበ በሬ በሰኔ ሞፈር አይጎትትም። የሚተርፈው የባህር ዛፍ ቅጠል ነው፤ እሱ ደግሞ እንኳን በአራት ወር በአራት ዓመትም የሚበሰብስ አይመስልም። ይህን ገበሬው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የማያውቀው ደብዳቤው ብቻ ነበር።

ሥራዬ ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰብስቤ አስተማርኩ። መጀመሪያ ጭድ፣ ቀጥሎ ለምለም የብሳና ቅጠል፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ አመድ፣ ውኃ ማርከፍከፍ፣ በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ። ገበሬዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። "እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እናደርጋለን" አሉ። እውነትም በሳምንቱ ቀበሌው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። ጉድጓድ ከሩቅ ይታያላ! ሥሩ ግን ድንጋይ ነበር፤ ከድንጋዩ ላይ የቤት ክዳን ያረጀ ሣር፣ ከሣሩ ላይ የባህር ዛፍ ቅጠል። አይቼ ዝም አልኩ። ወደ ማርቆስ ዝውውር ጠይቄ ስለነበር ቀበሌዬ መቶ በመቶ እንዲያመጣ እፈልግ ነበር፤ ይህንንም ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አንድ ሰው ብቻ ልክ እንደነገርኳቸው ሠሩ። ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እማማ ነበሩ። አንዲት ላም፣ አንዲት አህያና ሁለት ጥማድ መሬት አላቸው፤ በሬ የላቸውም። መሬታቸውን ዳገቱ አናት ላይ ያለው ጎረቤታቸው ለእኩል ያርስላቸዋል። ውላቸው በሬና ጉልበት ከእሱ፣ ዘርና ማዳበሪያ ከእሳቸው ነው። በዚያ ጥር ጎረቤትየው እንዲህ እንዳላቸው ራሳቸው ነገሩኝ፦ "እሜቴ፣ ዘንድሮ ማዳበሪያ ካልመጣ በሬዬን አላስገባም፤ ለደከመ መሬት ደክሜ ምን ይረባኛል?" ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስድስት ልጅ የሚቀልብ ሰው ነው። እማማ ግን መሬታቸው ጦም ካደረ የዓመት እንጀራቸው ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ኩፖኑን ለማግኘት ቆርጠው ተነሡ።

"አንቺ ያልሽኝን ሁሉ አደርጋለሁ" አሉኝ። "እበት አልሽ፣ እበት። አመድ አልሽ፣ አመድ። ብቻ መጨረሻ ላይ 'እሜቴ አጥፍተዋል' እንዳትይኝ።"

አላጠፉም። ከወንዝ ውኃ በእንስራ እየተሸከሙ አረከፈከፉ። በየሦስት ሳምንቱ በአካፋ አገላበጡ። ከላሟ ጭድ ቀንሰው ለጉድጓዱ አበሉ፤ ራሳቸው ማገዶ አጥሯቸው ብዙ ቀን ቆሎ ቆርጥመው አደሩ። ሚያዝያ ላይ ሄጄ እጄን ብከተው ሞቅ ያለ፣ ጥቁር፣ ዝናብ የነካው አፈር የሚሸት ኮምፖስት ወጣ። ያን ያህል ያማረ በኮሌጃችን የሠርቶ ማሳያ ቦታ እንኳ አላየሁም። ደስ ብሎኝ አቀፍኳቸው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ መሐሉ ላይ የአረንጓዴ ኮንጎ ጫማ ግማሽ ተቀብሮ ነበር። ውሻቸው ከየት እንዳመጣው አይታወቅም።

"ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ እማማ" አልኳቸው።

"ምን ቸገረው፣ ይቀመጥ" አሉኝ።

በሳምንቱ ወደ ጎረቤታቸው፣ ማለትም ወደዚያ መሬታቸውን ወደሚያርሰው ሰው ቤት ጎራ አልኩ። ጉድጓዱ ላይ የተነጠፈው ቅጠል ገለጥ ብሎ ነበር። ጥቁር ኮምፖስት ነው፤ ማመን አቃተኝ። አይ፣ ሰው አይናቅም ብዬ ላመሰግነው አፌን ስከፍት ከመሐሉ አረንጓዴው ጫማ ብቅ አለ። ሰውየውን አየሁት። ሰውየው በሬዎቹን አየ።

"ሁለት ጆንያ ብቻ ነው የተዋስኩ" አለኝ። "ከላይ ከላይ አለበስነው እንጂ ሥሩ ያው ድንጋይ ነው። የወረዳ ሰው መጥቶ አይቶ ሲሄድ እመልሳለሁ። ጫማውንም እመልሳለሁ።"

"ጫማው ለምን መጣ?"

"የሰው ንብረት አይደል እንዴ፤ ከውስጡ መርጬ ላስቀር?"

መቆጣት ነበረብኝ። ሳቄ መጣ፣ ሳቅኩ። የሳቅኩ ለት ደግሞ ፈረምኩ ማለት ነው፤ ወሬው ሲሰማ ቀበሌው በሙሉ እማማ ዘንድ መመላለስ ጀመረ። እሳቸውም እምቢ ማለት አልቻሉም። በዚያ አገር ወንፈል አለ፤ ዛሬ ያንተን እናርማለን፣ ነገ የኔን። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ጓሯቸውን ያረሙላቸው፣ ጎጇቸውን የከደኑላቸው እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው። አሁን ጎረቤት በበኩሉ የሚፈልገው ነገር እሳቸው ዘንድ ተገኘ፤ ታዲያ በምን አፋቸው ይከለክላሉ? እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማቸው መሰለኝ።

ኮምፖስቱ እንዳለ ተዝቆ ከቤት ቤት መዞር ጀመረ፤ ዙሩ እንዳይምታታም መሪጌታው ተራ ያዙለት። መሪጌታው የደብሩ የዜማ መምህር ናቸው፤ የጾምና የበዓላትን ቀን በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው። የኮምፖስቱን ተራ ለማውጣት አንድ ዋንጫ ጠላ እንኳ አልፈጀባቸውም። ከእማማ ተነሥቶ ዳገት ይወጣል፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይዞራል፣ በመስኩ ይወርዳል፣ ተመልሶ እማማ ዘንድ ይገባል። ጎብኚ አንድ ቤት ሲገባ የሚቀጥለው ቤት አህያውን ያዘጋጃል። ጎብኚው ቶሎ የወጣ እንደሆነ መሪጌታው መንገድ ላይ ይዘውት ምርቃት ይጀምራሉ። የእሳቸው ምርቃት ደግሞ አንዴ ከተጀመረ አህያ ሦስቴ ጭኖ ይመለሳል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ከለከሉ፤ በበዓል ቀን ኮምፖስት አይጫንም። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ ዕለት የደረሰበት ቤት ያድራል።

"መንግሥት ማታለሉ ሳያንሰን በዓል አንሽርም" አሉ። የቱ ኃጢአት የቱን እንደሚበልጥ ለይተው ያወቁ ይመስሉ ነበር።

የወረዳው ጎብኚ ሲመጣ ነገሩ ያለ እንከን ሄደ። በመጀመሪያው ቤት ኮምፖስቱን አሸተተ፣ አደነቀ፣ አረንጓዴውን ጫማ በእንጨት ጎርጉሮ አወጣና "ፕላስቲክ እንዳይጨምሩ" ብሎ ወረወረው። ሁለተኛው ቤት ሲደርስ ጫማው እዚያ ነበር። አሁንም አወጣና ወረወረው። ሦስተኛው ቤት ላይ ቆም ብሎ ጫማውን ትክ ብሎ አየው።

"የዚህ ቀበሌ ሰው በሙሉ አረንጓዴ ኮንጎ ነው የሚጫማው?" አለኝ።

"አዎ፣ ገበያ ላይ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው" አልኩት። ውሸቱ ከአፌ የወጣበት ፍጥነት እኔኑ አስደነገጠኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ በቀበሌው ስለ ፕላስቲክ ቆሻሻ አወጋገድ ሥልጠና እንድሰጥ። ሰጠሁ። ገበሬዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ።

የመጨረሻው ፍተሻ የዞን ነበር፤ ኩፖን የሚያሰጠው እሱ ነው። ለግንቦት አሥራ አራት ተቀጠረ። መሪጌታው ተራውን ከእማማ አስጀመሩት፤ የኮምፖስቱ ባለቤት ናቸውና መጀመሪያ እሳቸው ይታዩ ተባለ። ኮምፖስቱ ያኔ ዳገቱ አናት ላይ፣ ያው ለእኩል የሚያርስላቸው ሰው ጓሮ ነበር። በአሥራ ሦስት ጠዋት ተጭኖ ይወርድላቸዋል ተብሎ ተወሰነ።

የዞኑ መኪና በአሥራ ሁለት መጣ፣ በሚካኤል ዕለት። ድንገተኛ ጉብኝት ይሉታል። ለዚያውም የወትሮው መንገድ ጭቃ ስለሆነ በገደሉ በኩል ዞሮ ወጣና እማማ በር ላይ ቆመ። እኔ የደረስኩት በስልክ ተጠርቼ፣ ቦቲዬን እያንቦጫቦጭኩ፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነው። የዞኑ ኃላፊ ከጉድጓዱ አፍ ቆሟል። እማማ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አጠገቡ ቆመዋል። ጉድጓዱ ባዶ ነው። የሌሎቹ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩና ሣሩ ከሩቅ የሞላ ያስመስለው ነበር፤ የእሳቸው ጉድጓድ ውስጥ ግን ከኮምፖስት በቀር ሌላ ነገር ገብቶ አያውቅም። ሲወሰድ ባዶ ቀረ።

"ኮምፖስቱ የት አለ፣ እናቴ?" አላቸው።

እማማ እኔን አዩኝ። ጎረቤት ቤት ነው ቢሉ የጎረቤቶቻቸው ሁሉ ጉድ ይወጣል፣ የኔም እንጀራ ይሄዳል። ይህን በደንብ ያውቃሉ።

"የለም" አሉ።

"ለምን? ባለሙያዋ አላስተማረችዎትም?"

"ኧረ አስተምራኛለች። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማስተማር የሚወድ ሰው ነበር፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ከባዶው ጉድጓድ አፍ ቆሞ አንድ ብሎ ጀመረ። "መጀመሪያ ጭድ ይነጠፋል። ከዚያ አመድ። ከዚያ ቅጠል። ከዚያ እበት..."

እማማ ራሳቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ ግን አልቻሉም።

"አመዱስ ከእበቱ በኋላ ነው" አሉ ዝግ ብለው።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "አየሽ፣ ንድፈ ሐሳቡን ያውቁታል። ችግሩ ተግባር ላይ ነው።" ቅጹን አቀበለኝ። "ሙዪው።"

በስማቸው ትይዩ፣ በእጄ፣ "የለም" ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ። ብዙ የሚያሳፍር ነገር ሠርቼ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ግን የለም።

ይህም አልበቃ ብሎ ኃላፊው አንድ ሐሳብ መጣለት። "ጥሩ የሠራ ገበሬ አለ? ይምጡና ከእሱ ይማሩ።" መኪና የማይወጣውን ዳገት አብረን ወጣን። ጎረቤትየው ሲያየን ፊቱ አመድ መሰለ። ቅጠሉ ተገለጠ፤ ጥቁር፣ የበሰለ፣ ያማረ ኮምፖስት፣ ጫማው ከነክብሩ መሐል ላይ።

"አዩ፣ እናቴ?" አለ ኃላፊው። "ኮምፖስት ማለት ይኼ ነው።"

"አየሁ" አሉ እማማ። "መልካም ነው። የሠራው እጅ ይባረክ።"

"እስቲ እንዴት እንደሠራኸው ንገራቸው" አለው ሰውየውን። ሰውየው አልቦታል፣ ተንተባተበ፣ ጭድ ብሎ ቆመ። እማማ ከጀርባው ሆነው በሹክሹክታ "ብሳና" አሉት። "ብሳና" አለ። "እበት" አሉት። "እበት" አለ። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ማገላበጡ ደረሱ። ኃላፊው ሰውየውን ከኮምፖስቱ ጋር ፎቶ አነሣው። ፎቶው እንዲያምር እማማን ትንሽ ፈቀቅ እንዲሉ ጠየቃቸው፤ ፈቀቅ አሉ።

የቀሩትን ቤቶች በሪፖርት ተቀብሎ ሄደ። በቀበሌው ኩፖን የተከለከሉት አንድ ሰው ብቻ ሆኑ፤ እውነተኛ ኮምፖስት የሠሩት። አለቃዬ ደውሎ እንኳ አጽናናኝ። "አንድ የጎደለ መኖሩ ሪፖርቱን ታማኝ ያደርገዋል" አለኝ።

ሰኔ ገባ። ማዳበሪያው መጣ፤ ሁሉም በኩፖኑ ወሰደ። የእማማ መሬት አንዴ እንኳ ሳይገመስ ዳዋ ማብቀል ጀመረ። በየቀኑ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታው ዋርካው ሥር ቆሙ። ምርቃት ሊጀምሩ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ያን ቀን ግን ቃላቸው አጭር ነበር። "የእሳቸውን ኮምፖስት አሳይተን ኩፖን ወስደናል። መሬታቸው ጦም ካደረ እኔ በፋሲካ አላዜምላችሁም።" ከዚያ ሁሉም ከየቤቱ አንዳንድ ጣሳ ማዳበሪያ ይዞ መጣ። አንዱ ጣሳውን ግማሽ አድርጎ ቢመጣ ሚስቱ ሰው ፊት "ውሰድና ሙላው!" ብላ መለሰችው። መጀመሪያ ጆንያው ውስጥ የገለበጠው ያ ጎረቤታቸው ነው፤ በማግስቱም ማንም ሳያዘው በሬዎቹን አስገባ። ስንት ጣሳ እንደገባ ስላልተቆጠረ መሬቱ ከሚገባው በላይ ጠጣ። ጤፉ ደልቦ፣ ራሱን መሸከም አቅቶት፣ ግማሹ ተኛ። ቢሆንም የዓመት እንጀራቸው ወጣ።

ኮምፖስቱም ከነጫማው ተመለሰላቸው። ግን ከብዙ ጓሮ አፈርና ከብዙ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ምን እንደሆነ የማይለይ ነገር ሆኖ ነበር።

በዓመቱ ያው ደብዳቤ መጣ፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ። ግንቦት ላይ ቅጼን ይዤ እማማ ዘንድ ወረድኩ። ጓሯቸው ንጹሕ ነው፤ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ የባህር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበታል። ደስ አለኝ። ቅጠሉን ገለጥ አደረግኩ። አንድ ስንዝር ጥቁር አፈር አለ። አፈሩን በጣቴ ቆፈር ሳደርግ ድንጋይ ነካሁ። አረንጓዴው ጫማ ከላይ፣ ከሩቅ እንዲታይ ሆኖ፣ ተቀምጧል።

"እማማ፣ እበቱስ?" አልኳቸው።

"አነደድኩት። ዘንድሮ ቤቴ ሞቀልኝ።"

"ጭዱስ?"

"ላሟ በላችው። ወተቷ ጨመረ፤ ግቢ፣ እርጎ አለ።"

ቅጹን አወጣሁ። እሳቸው ጠጋ ብለው ቅጹን አዩት፤ ማንበብ ባይችሉም ስማቸው የቱ ጋ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ዐምና ስጽፍ አይተውኛል።

"በይ እንግዲህ ልጄ" አሉኝ፣ ጣታቸውን እዚያው ላይ አድርገው። "ዘንድሮ እንደ ሰዉ ነው የሠራሁት። አንቺም እንደ ሰዉ ጻፊልኝ።"

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ "አለ" ብዬ ጻፍኩ። ቀበሌያችን በዚያ ዓመት መቶ በመቶ አሟላ፤ በቀበሌው ውስጥም አንድ ጆንያ ኮምፖስት እንኳ አልነበረም።